የአባላት መዝገባችን በወፈረበት ጊዜ

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ለወራት ላነሣው እያልኩ ሳልደፍረው የቆየሁት ነገር ስላለ፣ ማይኩን ከፍቼ እንዲሁ ላውራችሁ ብዬ ነው።

ሥራዬን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ የፋይናንስ ዕቅድ ባለሙያ ነኝ። የሰውን ገቢ፣ ወጪ፣ ዕዳ፣ መድን፣ ጡረታና ውርስ አንድ ላይ አይቶ፣ ለቤተሰቡ የሚበጅ መንገድ ማውጣት ነው ሥራዬ። ብቸኛ የሚያደርግ ሙያ ነው። ሰው ለሚስቱ ያልነገረውን ዕዳ ለኔ ይነግረኛል። እናት ልጆቿ የማያውቁትን ገንዘብ ታሳየኛለች። እኔ ያን ሁሉ ይዤ ቤቴ እገባለሁ። ለማንም አላወራም። የሙያ ማኅበራችንን የተቀላቀልኩትም ለሰርተፊኬት ብዬ አልነበረም። የሚገባው ሰው ፍለጋ ነው።

ያኔ አንድ ጠረጴዛ ይበቃን ነበር። በወር አንድ ቀን እንገናኛለን። አንዳችን የደንበኛውን ስምና ማንነት ደብቆ ጉዳዩን ያቀርባል፣ ሌሎቻችን እንመረምረዋለን። «ዕዳውን ለምን ቀድሞ አይከፍልም?» «ቤተሰቡ የሚኖረው በአንድ ሰው ደመወዝ ነው፤ ያ ሰው ቢሞትስ?» «ይሄ ገንዘብ ከሁለት ዓመት በኋላ ለልጅ ትምህርት ይፈለጋል ካልክ፣ አክሲዮን ላይ ምን ይሠራል?» አንዳንዴ ሌሊቱን ሙሉ ያሰብኩበት ዕቅድ በአሥር ደቂቃ ይፈርሳል። ደስ ይለኝ ነበር። የፈረሰው ወረቀት ላይ ነዋ! ሰው ቤት ሄዶ ከሚፈርስ እዚያው ይፍረስ።

ሙያው ራሱ የተጀመረውም እንዲህ ጥቂት ሰዎች ተሰብስበው ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ዲሴምበር 12 ቀን 1969፣ ቺካጎ ውስጥ ኦሄር አየር ማረፊያ አጠገብ ባለ ሆቴል 13 ሰዎች ተገናኙ። የጠራቸው ሎረን ደንተን የሚባል ሰው ነው። በዚያ ዘመን ኢንሹራንስ ሻጩ ኢንሹራንሱን ይሸጣል፣ አክሲዮን አሻሻጩ አክሲዮኑን። ደንበኛውን ከነሙሉ ኑሮው ቁጭ ብሎ የሚያየው ባለሙያ እምብዛም አልነበረም። የሁሉም እንጀራ ከሽያጩ የሚቆረጥ ኮሚሽን ነው። እነዚያ 13 ሰዎች ሁለት ነገር አሰቡ፤ አንድ የአባላት ማኅበርና አንድ ትምህርት ቤት። ትምህርት ቤቱ በ1973 የመጀመሪያዎቹን 42 ተመራቂዎች አወጣ። ከ42ቱ 36ቱ በዚያው ዓመት የራሳቸውን ማኅበር መሠረቱ።

እዚህች ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ዛሬ የማወራችሁ ነገር ሁሉ እዚህች ውስጥ አለ። አንድ ማኅበር እያለ 36 ሰዎች ሌላ የመሠረቱት ለምንድነው? የመጀመሪያው በሩ ክፍት ነበር። በገንዘብ ምክር ዙሪያ የሚሠራ ሰው ሁሉ ይገባበታል። ሁለተኛው ግን ተምሮና ተፈትኖ የምስክር ወረቀት ያገኘውን ብቻ ይቀበላል። አንዱ «እንብዛ» አለ፤ ሌላው «እንለይ» አለ። በቁጥር የበለጠው ክፍት የነበረው ነው፤ በ1980ዎቹም አበጠ። ግብር ለመቀነስ ተብለው የሚሸጡ ኢንቨስትመንቶች ገበያቸው ደርቶ ስለነበር፣ ሻጮቹ በገፍ ገቡ። በ1986 የአሜሪካ የግብር ሕግ ሲሻሻል ያ ገበያ ተዘጋ። ሻጮቹም ሄዱ። የአባላቱ ቁጥርም አብሯቸው አሽቆለቆለ።

ይሄን ታሪክ ያነበብኩት ዘግይቼ ነው። ቀደም ብዬ አንብቤው ቢሆን ኖሮ ብዬ ስንቴ እንዳሰብኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ምክንያቱም እኛም እዚያው መንገድ ገባን። ማኅበራችን ሲደረጅ የአባላት ጉዳይ ኃላፊ እኔ ሆንኩ። ሥራውን ወደድኩት። ስልክ እደውላለሁ፣ ቢሮ ለቢሮ እዞራለሁ፣ ቅጽ አስሞላለሁ። መግቢያውን አቀለልነው። ልምድ የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ቀረ፣ የሚመሰክሩ ሁለት ነባር አባላት ቀሩ። መዋጮ ከከፈልክ አባል ነህ። በየጠቅላላ ጉባኤው ቁጥሩን ሳነብ ይጨበጨብልኝ ነበር። ቢሮ ተከራየን፣ ጸሐፊ ቀጠርን። ያ ወርሃዊ ጠረጴዛ ግን በመካከል ቀረ። አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ያልተሳካ ዕቅድ ማን ደፍሮ ያቀርባል? በምትኩ ንግግር ማዳመጥ ጀመርን።

አንድ ቀን ደብዳቤ መጣ። በእጅ የተጻፈ፣ ደግሞ በጣም ያማረ ጽሑፍ። የጻፉት ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። አንድ አባላችን የረጅም ጊዜ ውል ያለው የቁጠባ መድን ሸጦላቸዋል። ታመው ገንዘባቸውን ሲጠይቁ፣ ከጊዜው በፊት ማውጣት ቅጣት እንዳለው ተነገራቸው። ቅጣቱ ካጠራቀሙት ላይ ትልቁን ድርሻ ይወስዳል። ሲሸጥላቸው ይሄን የነገራቸው የለም። ሰውየው ኮሚሽን እንደሚያገኝም አልነገራቸውም። ደብዳቤው ውስጥ ስድብ የለም፤ እንዲያውም በጣም ጨዋ ነው። አንዷ ዓረፍተ ነገር ግን እስካሁን ትከተለኛለች። «ሰውየውን አላውቀውም ነበር፤ ያመንኩት ካርዱ ላይ ያለውን የናንተን ምልክት ነው» ይላሉ።

የሰውየውን ቅጽ ከፋይል አወጣሁ። ከታች ያለው ፊርማ የኔ ነው።

ሥራ አስፈጻሚው ተሰበሰበ። መተዳደሪያ ደንባችንን ከዳር እስከ ዳር አገላበጥን። መዋጮ ያልከፈለ አባል እንዴት እንደሚሰናበት በዝርዝር ተጽፏል። ደንበኛ የጎዳ አባል ምን እንደሚሆን ግን አንድም አንቀጽ የለም። የሚከሰስበት ኮሚቴ የለም፤ የምንጠይቅበት ደንብም የለም። ለመምህርቷ የምንመልሰው ቃል አጣን።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል ስንሰማ አድገናል፤ እውነት ነው። ግን ድሩ የበሰበሰ ከሆነ ቢያብርም ያው ነው። ከዚያ በኋላ ያለው አንድ ዓመት ተኩል በሥራ ሕይወቴ ከባዱ ነበር። ፈተና ይኑር አልን። በየዓመቱ ተከታታይ ትምህርት ይኑር አልን። ማንኛውም አባል ከማን ምን እንደሚከፈለው ለደንበኛው በጽሑፍ ይግለጽ አልን። ቅሬታ የሚመረምር ኮሚቴ፣ ከአባላት ውጭ ያሉ ሰዎችም የሚገኙበት፣ ይቋቋም አልን። ጉባኤው ላይ የነበረው ሙቀት አይነገርም። «ሰው ታባርራላችሁ» ተባልን። እውነት ነበር፤ ብዙዎች ሄዱ። በገዛ እጄ ያስፈረምኳቸው፣ ስልኬን አይተው እንኳን የማያነሡ ሰዎች ሆኑ። ገቢያችን ወደቀ። ቢሮውን ለቀን የተዋስነው ክፍል ውስጥ ገባን። ጸሐፊያችንን ማሰናበት ነበረብን። እሷን ማሰናበት እስካሁን ያመኛል፤ ጥፋቷ ምንም አልነበረማ።

ያን ሰሞን ነው ታሪኩን ማንበብ የጀመርኩት። ሁለቱ የአሜሪካ ማኅበራት፣ ክፍቱና መራጩ፣ ለዓመታት ጎን ለጎን ኖረው ጃንዋሪ 1 ቀን 2000 ተዋሃዱ። አዲሱም ማኅበር በሩን ባይዘጋም ማዕከሉ ያደረገው የምስክር ወረቀቱን ነው። ይበልጥ ያስገረመኝ ግን በኋላ የሆነው ነው። የአሜሪካ የገበያ ተቆጣጣሪው ባለሥልጣን አንድ ደንብ አውጥቶ ነበር። አክሲዮን አሻሻጮች ምክር እየሰጡ በደንበኛው ሀብት መጠን ሲያስከፍሉም፣ የአማካሪዎችን ሕግ ሳይከተሉ እንዲሠሩ ይፈቅዳል። ማኅበሩ ባለሥልጣኑን ከሰሰ። ማርች 30 ቀን 2007 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ሁለት ለአንድ በሆነ ድምፅ ለማኅበሩ ፈረደ፤ ደንቡም ተሻረ። እስቲ አስቡት። የሙያ ማኅበር ሲባል የአባላቱን ጥቅም የሚያስጠብቅ ብቻ ይመስለን የለ? ይሄኛው ፍርድ ቤት የቆመው «ምክር የሚሰጥ ሁሉ በአማካሪ ሕግ ይጠየቅ» ብሎ ነው። በርግጥ ለአባላቱም ይጠቅማል፤ አልክድም። የተከበረው ግን ደንበኛውም ነው።

ሌላም ትምህርት አገኘሁ። በ1985 ያ ትምህርት ቤት የምስክር ወረቀቱን ባለቤትነት ለሌላ ገለልተኛ አካል አስረከበ። የሚያስተምረው ሌላ፣ የሚመዝነው ሌላ፣ አባላቱን የሚሰበስበው ሌላ ሆነ። እኛ ሦስቱንም በአንድ እጅ ይዘን ነበር። መዋጮ የሚከፍልህን ሰው ራስህ ፈትነህ መጣል ይከብዳል። ስለዚህ ፈተናውን ከኛ ውጭ አወጣነው። ዛሬ በዓለም ላይ ያን አሜሪካ የተጀመረውን የምስክር ወረቀት የያዙ ሰዎች ከ200,000 በላይ ናቸው። ያ የሆነው መመዘኛው ቀልሎ አይደለም። ትምህርት፣ ፈተና፣ ልምድ፣ ሥነ ምግባር፣ አራቱም ይጠየቃሉ።

እኛ አሁን ያኔ የነበርነውን ያህል አይደለንም። ቀስ እያልን ግን እያደግን ነው። ወርሃዊው ጠረጴዛ ተመልሷል። ባለፈው ወር የራሴን ዕቅድ አቅርቤ፣ አንዲት ሥራ ከጀመረች ሁለት ዓመት እንኳ ያልሞላት ልጅ ስህተቴን አሳየችኝ። የዋጋ ንረቱን በጡረታው ስሌት ውስጥ ረስቼዋለሁ። በማግስቱ ደንበኛዬ ጋ ደውዬ አስተካከልኩት።

የመምህርቷን ደብዳቤ፣ ፈቅደውልን፣ ስማቸውን ሰርዘን ለእያንዳንዱ አመልካች እናነብለታለን። ቅጹን ከመፈረሙ በፊት ነው የምናነብለት። ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት አዳመጠና «ገንዘባቸውን አገኙ?» ብሎ ጠየቀ። ከፊሉን ብቻ፣ አልኩት። ብዕሩን አስቀመጠ። ደንቡን ቤት ወስዶ ማንበብ እንደሚፈልግ ነገረኝ። ሰጠሁት። እስካሁን አልተመለሰም፤ ቅጹን መሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጬለታለሁ።