ዱከም ላይ ስጋ ቤት የምንመርጥበት ዓይን ኢስታንቡልም ይሰራል

(ምስል፦ ገላን፣ አስፋልት ዳር፣ ተደርድረው የቆሙ ተሳቢዎች)

እሺ ሰላም ናችሁ፣ ዛሬ ከቤቴ ብዙም አልራቅኩም፣ ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ወጣ ብዬ ገላን ነኝ፣ ከኋላዬ የሚታየው ወደ ዱከም የሚወስደው የድሮው መንገድ ነው። ቪዲዮው ግን ስለ ውጭ አገር ነው፣ ለእረፍት ወጥተን የአገሬው ሰው የሚበላበት ጥሩ ምግብ ቤት እንዴት እናገኛለን የሚለው። ታዲያ ገላን ምን ትሰራለህ ካላችሁኝ፣ እስኪ እነዚህን መኪኖች እዩዋቸው። ሹፌርና ረዳት ስጋ ቤቱ ውስጥ ቁጭ ብለው ቁርጥ እየበሉ ነው። ሹፌር በዚህ መንገድ ሲመላለስ ነው የሚውለው፣ ሚዛን የሚሰርቀውንም ሽሮ የሚያሳድረውንም ለይቶ ያውቃል፣ አንዴ ከተሸወደ አይመለስም፣ ለጓደኞቹም ይነግርልሃል። እኛም ዱከም ስንሄድ ማስታወቂያ አይተን አደለም የምንገባው፣ መኪና የበዛበትን፣ ስጋው ተሰቅሎ ሳይውል የሚያልቅበትን ነው። ይሄን ዓይን ግን ቦሌ ኤርፖርት ጥለነው እንሳፈራለን።

እኔ ራሴ ኢስታንቡል መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ ጉድ ሆኛለሁ። ሱልጣን አህመድ የሚባለው ሰፈር አያ ሶፊያ የሚባለውን ታሪካዊ ሕንጻ አይቼ ስወጣ ርቦኛል፣ በር ላይ የቆመ ሰውዬ «ወንድሜ ወንድሜ» እያለ ጎትቶ አስገባኝ፣ ሜኑው በስንት ቋንቋ፣ ምግቡ ሁሉ በፎቶ፣ ዳቦና ውሃ ሳላዝ መጣልኝ፣ እኔ ደሞ የቤቱ ግብዣ መስሎኝ ጥርግ አደረግኩት፣ ሂሳብ ሲመጣ ሁሉም ተደምሯል። ስጋውማ ጎማ ነው። ያው ጥፋቱ የኔ ነው፣ ዱከም ላይ በር ላይ ቆሞ የሚጎትት ቤት መቼ ገብቼ አውቃለሁ?

እንደዛ ዓይነት ቤት ለምን እንደሚከፋ ደሞ ግልጽ ነው፣ ቱሪስት አንዴ በልቶ ይሄዳል አይመለስም፣ ስለዚህ ባለቤቱን ለወጥ ቤት ብር ከማውጣት በር ላይ ጎታች መቅጠር ያዋጣዋል። ሰፈር ውስጥ ያለው ግን የዛሬው ሰውዬ ነገ ካልመጣ ይዘጋል።

(ምስል፦ ትሪ ላይ የተደረደሩ ወጦች)

ቱርኮች «ኤስናፍ ሎካንታሲ» የሚሉት አለ፣ ኤስናፍ ማለት ነጋዴው፣ ባለሱቁ፣ የእጅ ባለሙያው ነው፣ የነሱ ምሳ ቤት እንደማለት። ወጡ ተሰርቶ በትሪ ተደርድሮ ይታያል፣ በጣት ማሳየት ነው፣ ቋንቋ አይጠይቅም። ዋናው ምሳ ነው፣ ከሰዓት ዘግየት ብላችሁ ከሄዳችሁ ጥሩ ጥሩው አልቆ ትደርሳላችሁ፣ ማለቁ ራሱ ምልክት ነው። እዛው ኢስታንቡል ኤሚኖኑ ከሚባለው የጀልባ ማቆሚያ ተነስታችሁ ካዲኮይ ወደሚባለው ሰፈር በጀልባ ተሻገሩና ገበያው ውስጥ ዙሩ። ለጿሚም ሆነ ስጋ ለሚለይ ሰው «ዘይቲንያሊ» በሉ፣ በወይራ ዘይት ተሰርቶ ቀዝቅዞ የሚበላ አትክልት ነው፣ እርጎ ጣል እንዳያደርጉበት ብቻ ንገሯቸው። የምስር ሾርባውን ግን ጠይቁ፣ ቅቤ የሚገባበት አለ።

የሹፌሩ ነገር ደሞ የኔ ፈጠራ እንዳይመስላችሁ። ፈረንሳይ ውስጥ በ1934 እንደ ፈረንጆቹ የተጀመረ ሩቲዬ የሚባል ነገር አለ፣ ለከባድ መኪና ሹፌሮች በደህና ዋጋ የሚያበሉ የመንገድ ዳር ቤቶች ቀይና ሰማያዊ ምልክት ይሰቅላሉ፣ ሌላውም መንገደኛ ምልክቱን አይቶ ይገባል። ሚሽሊን የሚባለው በኮከቡ የታወቀው መጽሐፍ እንኳ በ1900 ጎማ አምራቾች ያወጡት የሹፌር መጽሐፍ ነበር፣ ሰው ብዙ እንዲነዳና ጎማ እንዲጨርስ (ብልጦች ናቸው)።

ዱባይ ከሄዳችሁ የታክሲ ሹፌሩን «ጥሩ ምግብ ቤት የት አለ» አትበሉት፣ እንግዳ ናችሁና ውድ ቦታ ይወስዳችኋል፣ ክብር መስሎት ነው። «አንተ ራስህ ምሳ የት ነው የምትበላው» በሉት። ብዙዎቹ ፓኪስታንና ህንድ ናቸው፣ ዴይራ ወይ ሳትዋ ሰፈር ያሉ ትንንሽ ካፍቴሪያዎችን ያሳዩዋችኋል፣ ዳል (የነሱ ምስር) እና ትኩስ ዳቦ፣ ምስር ወጥ ለለመደ ሰው ቤቱ የገባ ነው የሚመስለው።

ሲንጋፖር ደሞ ሌላ ነው፣ ሆከር ሴንተር ይሉታል፣ አንድ ጣራ ስር ብዙ ሱቅ፣ አብዛኛው ሱቅ የሚታወቅበት አንድ ሁለት ምግብ ነው ያለው፣ ዩኔስኮ በ2020 እንደ ፈረንጆቹ በቅርስነት መዝግቦታል። ሰልፉን ተከተሉ በቃ። ባዶ ጠረጴዛ ላይ የሶፍት ፓኬት ካያችሁ ግን አትቀመጡ፣ ተይዟል ማለት ነው!

ሰዓትም አለ። ስፔን ምሳ የሚበላው በነሱ 14፡00 አካባቢ ነው፣ እኛ 8 ሰዓት የምንለው፣ እራት ደሞ ከምሽቱ 3 ሰዓት። በጊዜ ሄዳችሁ ቤቱ ጭር ካለ ወይ በቱሪስት ከተሞላ ምግቡ መጥፎ ሆኖ ላይሆን ይችላል፣ የአገሬው ሰው ገና አልራበውም።

ጎግል ማፕ ላይ ደሞ በእንግሊዝኛ «ምርጥ ሬስቶራንት» ብላችሁ አትፈልጉ፣ የምግቡን ስም በነሱ ቋንቋ ኮፒ አድርጋችሁ ለጥፉ፣ ሌላ ዝርዝር ነው የሚመጣው። ኮከቡን ተዉትና በአገሬው ቋንቋ የተጻፈውን አስተያየት ተርጉማችሁ አንብቡ፣ «አስተናጋጁ ተቆጣኝ ግን ምግቡ» የሚል ካያችሁ እሱ ቤት ነው። ማፑን እዚሁ ዋይፋይ ላይ ዳውንሎድ አድርጉት፣ እዛ ሲም እስክታወጡ ርሃብ አይጠብቅም።

(ምስል፦ ካሜራው ወደ ስጋ ቤቱ ይዞራል)

በሉ አንዱ ተሳቢ ሊወጣ ነው፣ ቦታ ተለቀቀ። ሻኛው ሳያልቅ ልግባ፣ ካሜራ የያዘው ልጅም ፊቱ ጠቁሯል።