«ተመስገን» ከ«ደህና ነኝ» ይቀድማል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ እናቶችና አባቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፤

በዛሬው የኒቆዲሞስ ሰንበት ጉባኤ «ምስጋና በኀዘን ውስጥ» በሚል ርእስ እንድናገር ስጠየቅ መጀመሪያ እምቢ ብዬ ነበር። ርእሱ የመምህራነ ወንጌል እንጂ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ የማስተምረው የእኔ አልመሰለኝም። ኋላ ግን እናቴ ያረፈችው ባለፈው ዓመት በሰሙነ ሕማማት መሆኑን አስቤ፣ ከዚያ ሳምንት ያገኘሁትን ያህል ልናገር ብዬ ቀረብሁ።

እናቴ በየማለዳው ቡናዋን አፍልታ አቦሉን ከመቅመሷ በፊት «ተመስገን» ትል ነበር። ወገቧን እያመማት፣ የጡረታዋ ገንዘብ ወሩ ሳይጋመስ እያለቀባትም ትለዋለች። እኔ እንደ አፍ ልማድ እቆጥረው ነበር። በሰባተኛው ቀን የሥራ ባልደረባዬ ደውላ «እንዴት ነሽ?» ስትለኝ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ብዬ መለስሁ፤ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላም ዋሸሁ ብዬ ራሴን ወቀስሁ። እስኪ አነጋገራችንን ልብ ብላችሁ አድምጡት። ምስጋናው ይቀድማል፤ ስለ ራሳችን የምንናገረው ከእሱ በኋላ ነው። ብዙ ጊዜ እንዲያውም «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለን እዚያው ላይ እናቆማለን። የዋሸሁት በሁለተኛው ሐረግ ነው፤ የመጀመሪያው ስለ እኔ ሁኔታ የተሰጠ ወሬ አይደለምና ውሸት ሊሆን አይችልም። «ደህና ነኝ» ለማለት አቅም ያጣ ሰው እሱን ትቶ የመጀመሪያውን ብቻ ቢል የሚጠይቀው የለም።

በቅዳሴያችን የምንሰማው የምስጋና ጸሎትም «ነአኵቶ ለገባሬ ሠናያት ላዕሌነ»፣ በጎ ነገር ያደረገልንን እናመስግነው፣ ብሎ ከጀመረ በኋላ ጋረደን፣ ረዳን፣ ጠበቀን እያለ ዘርዝሮ «እስከ ዛቲ ሰዓት» አደረሰን ይላል። የሚያመሰግነው እስካለንባት ሰዓት ድረስ ስለተደረገልን ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ይለምናል። ሒሳብ ስለማስተምር ይሆናል፣ ይህን መለኪያ እወደዋለሁ። ኀዘንተኛ ዓመት መቁጠር አይችልም፤ ሰዓት ግን ይቆጥራል።

አሁን ወደዚያ ሳምንት ልመለስ። እናቴ ረቡዕ ሌሊት በድንገተኛ ሕመም አረፈች፤ የተቀበረችው በጸሎተ ሐሙስ ነው። ሥርዓቱን እንደምታውቁት በሰሙነ ሕማማት ፍትሐት፣ ለሞተ ሰው ነፍስ የሚደረገው ጸሎት፣ የለም፤ መስቀል አንሳለምም፤ የይሁዳን መሳም እያሰብን እርስ በርሳችንም አንሳሳምም። የእድሩ ድንኳን ተተክሎ፣ ለቅሶ ደራሹ ገብቶ በዝምታ ይቀመጣል። ጎረቤቶቻችን ለበዓሉ የቀቀሉትን ጉልባን ይዘው መጡ፤ ስንዴውና የባቄላ ክኩ ከለቅሶ ቤቱ ንፍሮ ጋር በአንድ ሰፌድ ቀረበ። የሰው ዝምታ ያን ቀን እጅግ ጠቅሞኛል። በሌላ ጊዜ ቢሆን «ስለወደዳት ነው የወሰዳት» የሚለኝ አይጠፋም ነበር፤ ይህን አባባል፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ለኀዘንተኛ ባትናገሩት እመርጣለሁ። ጌታችን ራሱ በአልዓዛር መቃብር አጠገብ አልቅሷል እንጂ ለማርያምና ለማርታ እንዲህ አላላቸውም።

አንድ ነገር ግን አንገበገበኝ፤ እናቴ ያለ ፍትሐት መሄዷ። ዕድሜዋን ሙሉ በሰው ፍትሐት ላይ ስትቆም የኖረች ሴት ናት። ሐሙስ ማታ ይህን ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው «ልጄ፣ የእናትሽ ፍትሐት እኮ እሑድ ተደርጓል» አሉኝ።

በሆሣዕና ዕለት በሕማማቱ ሳምንት ለሚያርፉት ሁሉ አስቀድሞ ፍትሐት እንደሚደረግ ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፤ አውቀው ነበር። ዳሩ ግን ያንን ፍትሐት ከገዛ እናቴ ጋር አያይዤ አላየሁትም። ያን እሑድ ዘንባባውን እንደ ልጅ በራሷ ላይ አስራ ከአጠገቤ ቆማ ነበር። ፀሐዩ ከሮ፣ እኔም መቆም ሰልችቶኝ ከቅዳሴ በኋላ «እማዬ፣ እንሂድ» ስላት «ቆይ እንጂ፤ ይኼ እኮ ለማናውቀው ሰው ነው» አለችኝ። እናም በገዛ ፍትሐቷ ላይ ቆማ፣ ለማታውቀው ሰው «ነፍስ ይማር» አለች። ይህን ሳስበው አሁንም እንባዬ ይመጣል፤ ያን ሌሊት ግን ከእንባው ጋር «ተመስገን» የሚል ቃል ከአፌ ወጣ። ካረፈች በኋላ የመጀመሪያዬ ነበር። ሞቷን አላመሰገንሁም፤ ዛሬም አላመሰግንም። ያመሰገንሁት ኀዘኔ ከመምጣቱ በፊት የሚያስፈልጋት ተሰናድቶ ስለቆየኝ ነው።

ሠልስቷ ከቅዳም ሥዑር ጋር ገጠመ። ካህናቱ «ገብረ ሰላም በመስቀሉ»፣ በመስቀሉ ሰላምን አደረገ፣ እያሉ፣ ደወል እያሰሙ ቄጤማ ለየቤቱ ሲያድሉ እኛም ድንኳን መጡ። ጥቁር የለበሱት አክስቶቼ ለምለሙን ቄጤማ በጥቁር ሻሻቸው ላይ ሲያስሩ አየሁ። ከመካከላቸው ማልቀሷን ያቆመች አልነበረችም። በማግሥቱ ትንሣኤ ሆነ፤ በበዓለ ኃምሳ ጾምም ስግደትም ስለሌለ፣ መሬት ወድቄ ማልቀስ ያምረኝ በነበረባቸው 50 ቀናት ቤተ ክርስቲያን ቆመሽ ዘምሪ አለችኝ። እውነቱን ልናገር፤ አንዳንድ ቀን ቆሜአለሁ እንጂ አልዘመርሁም። ሌሎቹ ሲዘምሩ ከመካከላቸው መቆም በቅቶኛል።

ዛሬም ቡናውን የማፈላው እኔ ነኝ። ስኒዋን ከረከቦቱ ላይ አላነሳሁትም። አንዳንድ ማለዳ «ተመስገን» እላለሁ፤ አንዳንዱን ማለዳ ረስቼው ጠጥቼ እወጣና ታክሲ ውስጥ ትዝ ይለኛል፤ እዚያው እላለሁ።

የፊታችን እሑድ ሆሣዕና ነው። ከቅዳሴው በኋላ ፍትሐቱ ሲጀመር ብዙዎቻችን ዘንባባችንን ይዘን ወደ በሩ እንደምናመራ አውቃለሁ፤ ልጅ የያዘ አለ፣ የደከመው አለ። የምትችሉ ግን እባካችሁ ጥቂት ቆዩ። ለማናውቀው ሰው ነው።