ከፒያሳ ዝቅ ብሎ መብረር

ሰላም ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ያለሁት እዚሁ ጎንደር ነው። የማወራችሁ ግን ስለ ቱርክ የባሕር ዳርቻ ነው። ስለ ፓራግላይዲንግ፤ ማለትም በጨርቅ ክንፍ፣ ያለ ሞተር፣ ከተራራ ላይ ተነስቶ ስለመብረር።

በቁጥር ልጀምር። ሜዲትራኒያን ባሕር ዳር ኦሉዴኒዝ የምትባል ትንሽ የመዝናኛ ከተማ አለች። ከጀርባዋ ባባዳግ የሚባል ተራራ አለ፤ ጫፉ 1,969 ሜትር ነው። የኛ ጎንደር ደግሞ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። አያችሁ? ከዓለም ዙሪያ ሰው ሊበርበት የሚጎርፍለት ተራራ ከፒያሳ ያንሳል። ፒያሳ ቁጭ ብለን ቡና ስንጠጣ ከሱ በላይ ነን ማለት ነው።

ግን እዚያ ስትቆሙ ቁጥሩ ይጠፋባችኋል። ጎንደር ከፍ ብትልም ዙሪያዋ አብሯት ከፍ ብሏል። ባባዳግ ላይ ተራራው አለቀ ማለት ባሕር ነው። መሐል ላይ ምንም የለም።

የመነሻ ቦታዎቹ በተለያየ ከፍታ ላይ ናቸው። እኔ የተነሳሁት 1,700 ሜትሩ ላይ ካለው ነው። በፈረንጆቹ 2021 ኬብል ካር፣ ማለትም በገመድ ተንጠልጥሎ ሰው የሚያወጣ ማመላለሻ፣ ስለተከፈተ መውጣቱ ቀላል ነው።

ክንፉ ከኋላችን መሬት ላይ ተዘርግቷል። ጨርቅና ገመድ ነው። ፊት ለፊቱ ላይ ክፍት የሆኑ ኪሶች አሉት፤ አየር ሲገባባቸው ይነፋሉ፣ ጨርቁም ክንፍ ይሆናል። አብራሪው ከኋላዬ ከኔ ጋር ታስሯል። ደጋግሞ የነገረኝ አንድ ነገር ነው፦ «ሩጥ፣ እንዳትቀመጥ!»

ሮጥኩ። ጥቂት እንደተራመድኩ ክንፉ ወደ ኋላ ያዘኝ። ገመዶቹ ተወጠሩ። ደረቴን ወደፊት ገፍቼ አሁንም እሮጣለሁ። ከዚያ እግሬ የሚረግጠው አጣ። እየሮጥኩ ነው፣ መሬት ግን የለም።

ልብ ስንጥቅ የሚያደርግ ነገር ነበር የጠበቅኩት። አልመጣም። አየሩ ተሸከመኝ። በቃ፣ ተሸከመኝ። እንዲህ ዓይነቱ ክንፍ አንድ ሜትር ዝቅ ሲል ስምንት ሜትር ገደማ ወደፊት ይሄዳል። አብራሪው አንዲት ትንሽ መሣሪያ ይዟል። ከፍ ስንል ጢጥ ጢጥ እያለች ትፈጥናለች፤ ስንወርድ ድምጿ ይወፍራል። ዓይኔን ጨፍኜ ሰማኋት። ነፋሱ የት ጋ እንደሚነሳ፣ የት ጋ እንደሚላላ በጆሮዬ ያዝኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቀን ቀን የብሱ ከባሕሩ ፈጥኖ ይሞቃል። የሞቀው አየር ይነሳል፣ ቀዝቀዝ ያለው የባሕር አየር ቦታውን ሊይዝ ይመጣል። ተራራ ሲጋረጥበት ደግሞ ሽቅብ ይወጣል። ያን ሽቅብ የሚወጣ አየር የያዘ ሰው ያለ ሞተር ይንሳፈፋል።

ባሕሩስ? እኛ ጎንደሮች ውኃ ሲባል ቶሎ የሚታየን ጎርጎራ ነው፣ ጣና ነው። ይኼ ሌላ ነው። አሸዋው ነጭ፣ ጥልቀት የሌለው ዳር ዳሩ አረንጓዴ፣ ከዚያ ሰማያዊ፣ ከዚያ ጥቁር ሊመስል የደረሰ ሰማያዊ። ጀልባዎቹ እያንዳንዳቸው ነጭ መስመር ይጎትታሉ። ግማሽ ሰዓት ገደማ አየር ላይ ቆይተን ዳርቻው ላይ አረፍን። እዚያም ሮጥኩ።

ቤት ስመለስ ቪዲዮውን ለእናቴ ከፈትኩላት። እስከ መጨረሻ አላየችውም። «ዝጋው አቦ! ምን ጎደለብህ አንተ ልጅ?» አለችኝ። ይህ ጥያቄ ሲከነክነኝ ከረመ።

ምንም አልጎደለብኝም። ግን እኛ ደገኞች ገደል ዳር ስንደርስ «ራቅ በል!» እየተባልን ያደግን ነን። ትክክል ነው፣ ገደል ልጅ ይበላል። ስሜን ተራሮች ሄጄ እመት ጎጎ ላይ ቆሜ አውቃለሁ፤ 3,926 ሜትር። አጥንት ከላይ ለቆ ዓለት ላይ የሚሰብረው ያ ትልቁ አሞራ ከእግሬ በታች ሲዞር አይቻለሁ። ክንፉን አንዴም አያርገበግብም። ያኔ ጉልበቱ ነበር የገረመኝ። አሁን ነፋሱ ነው የሚገርመኝ። ገደሉን ታክኮ የሚወጣ አየር አለ፤ እሱ ላይ ተኝቷል። እኔን የተሸከመኝም እንደዚያው ያለ ነገር ነው። እማዬ፣ ይህን ክፍል እንደምትሰሚው አውቃለሁ፤ መልሴ ይኸው ነው።

መሄድ የምታስቡ ካላችሁ፣ እግር የሚይዝ ጫማ አድርጉ፣ ስስ ጃኬት ያዙ፤ ላይ ላዩ ይበርዳል። አብራሪው «ዛሬ ነፋሱ ጥሩ አይደለም፣ ይቅር» ካላችሁ ደግሞ አትከራከሩት። ገንዘባችሁን ከፍላችሁም ቢሆን። በሚቀጥለው ሳምንት እንገናኛለን፤ ቸር ሰንብቱ።