ጎመኑን ብሉ፣ የልጁን እንቁላል አትከልክሉ

የተከበራችሁ የደሴ ነዋሪዎች፣ ከኮምቦልቻ፣ ከሐይቅና ከኩታበር ድረስ የመጣችሁ እናቶችና አባቶች፣ እንደምን አረፈዳችሁ?

ዛሬ የተጋበዝሁት ስለ «አልካላይን አመጋገብ» እንድናገር ነው። በየስልካችሁ ሳይደርሳችሁ አልቀረም። ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተትና እህል ደምን አሲድ ያደርጋሉ፤ ደም አሲድ ሲሆን አጥንት ይሳሳል፣ ካንሰር ይመጣል፤ መፍትሔው ሎሚ፣ ቅጠላ ቅጠልና በውድ የሚሸጥ ልዩ ውሃ ነው ይላል። ቡናንም ከጥፋተኞቹ ጋር ደምሮታል። ወሎ መጥቶ ቡና ተዉ ማለት ድፍረት ይጠይቃል፤ ድፍረቱን እያደነቅሁ ወደ ፍሬ ነገሩ ልግባ።

አሲድነት የሚለካው ፒኤች በሚባል መለኪያ ነው። 7 መሃል ላይ ነው፤ ከዚያ ሲያንስ አሲድ፣ ሲበልጥ አልካላይ ይባላል። የጤነኛ ሰው ደም ከ7.35 እስከ 7.45 ባለው ጠባብ ወሰን ውስጥ ይኖራል፤ ድሮውንም በመጠኑ አልካላይ ነው ማለት ነው። ሳንባ በየትንፋሹ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ያወጣል፣ ኩላሊት ትርፉን አሲድ በሽንት ያስወግዳል። ደም ከወሰኑ የሚወጣው ኩላሊት ሲደክም፣ ሳንባ ሲታወክ ወይም የስኳር ሕመም ከቁጥጥር ሲያመልጥ ነው። እንዲህ የሆነ ሰው ሆስፒታል ይገባል፤ ሎሚ አይታዘዝለትም።

ሽንቱን በወረቀት ለክቶ «ተለወጥሁ» የሚል አለ። ሽንት በበላነው ይለወጣል፤ ይህ የሚያሳየው ኩላሊት ሥራውን መሥራቱን ብቻ ነው። ልዩው ውሃም መጀመሪያ የሚያርፈው ጨጓራ ውስጥ ነው፤ እዚያ የሚጠብቀው ብርቱ አሲድ ነው። እንጀራችንስ ቢሆን በእርሾ የቦካ፣ ጎምዘዝ ያለ አይደለም? አያቶቻችን ዕድሜ ልካቸውን በሉት፤ የማንም ደም አልጎመዘዘም።

ካንሰር ሲነሳ ኦቶ ዋርበርግ የተባለው ጀርመናዊ ሳይንቲስት ይጠቀሳል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1931 ኖቤል የተሸለመው ሕዋሳት በሚተነፍሱበት ኢንዛይም ላይ ባደረገው ምርምር ነው። የካንሰር ሕዋሳት ስኳርን በተለየ መንገድ ተጠቅመው አሲድ እንደሚያመነጩም አሳይቷል። ዕጢው ነው ዙሪያውን አሲዳማ የሚያደርገው፤ ወሬው ግን ነገሩን ገልብጦ ምግቡን ከሰሰው። የአልካላይን አመጋገብን ትምህርት በአሜሪካ ካስፋፉት አንዱ ሮበርት ያንግ ያለ ፈቃድ ሲያክም ተገኝቶ በአውሮፓውያኑ 2017 የ3 ዓመት ከ8 ወር እስራት ተፈርዶበታል።

እኔን በይበልጥ የሚያሳስበኝ ሶዳው ነው። ደም አልካላይ እንዲሆን ተብሎ የዳቦ ሶዳ በውሃ በጥብጦ በየማለዳው መጠጣት እንደ ብልሃት ይመከራል። አንድ የሻይ ማንኪያ ሶዳ ከ1,200 ሚሊግራም በላይ ሶዲየም አለው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ2,000 በታች ይሁን ይላል። በዚያ ላይ የወጡ ጨው አለ። ግፊት፣ የልብ ድካም ወይም የኩላሊት ሕመም ላለበት ሰው ይህ አደገኛ ነው።

ሌላው የልጆቻችን ጉዳይ ነው። መቀንጨር ባልጠፋበት አገር «እንቁላልና ወተት አሲድ ነው» ብላ ከልጇ አፍ የምትከለክል እናት ካለች፣ ጥፋቱ ይህን ያስተማራት ሰው ነው። ልጁ ለዕድገቱ ፕሮቲኑን ይፈልጋል። አጥንት ይሳሳል የተባለውንም ምርምሮች አልደገፉትም፤ ወተት እንዲያውም ካልሲየም ይሰጣል።

ጎመን፣ ቆስጣ፣ ካሮት፣ ምስር መብላት መልካም ነው፤ አብዙት። የሚጠቅሙን ግን በአሰራቸው (በፋይበራቸው)፣ በቫይታሚናቸውና በማዕድናቸው ነው። የኩላሊት ሕመምተኞች ብቻ ፖታሲየም ሊበዛባችሁ ስለሚችል መጠኑን ሐኪማችሁን ጠይቁ። ቡናችሁንም በሰላም ጠጡ፤ እንቅልፍ የሚነሳችሁ ከሆነ ማታ ማታ ቀንሱት።

ስብሰባው እንዳበቃ በስተቀኝ ባለው ድንኳን የደም ግፊት ይለካል። በዚህ የአልካላይን ወሬ ምክንያት መድኃኒቱን ያቋረጠ ካለ አይፈር፤ ያቋረጠውን መድኃኒት ስም ለባለሙያዎቹ ይንገር። አሁን ጥያቄያችሁን እቀበላለሁ።