ዋጋ እየሰበርን እስከ መቼ? የጠቅላላ ጉባኤ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የሥራ ተቋራጮች ማኅበራችን አባላት፣ የዞንና የከተማ አስተዳደር ተወካዮች፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የመጣችሁ እንግዶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ከመሐል ሜዳና ከዓለም ከተማ ሌሊት ተነሥታችሁ ደብረ ብርሃን የገባችሁ፣ ትኩስ ሻይ ከኋላ አለ።

የዓመቱን ሥራ ልዘርዝር፤ ቶሎ ያልቃል። ቢሮ ተከራይተናል። የሳይት ደኅንነት ሥልጠና ሰጥተናል። ክፍያ ለዘገየባችሁ ደብዳቤ ጽፈናል፤ አንዳንዱ መልስ አግኝቷል። በዚህ እኮራለሁ።

እንቅልፍ የነሳኝ ግን ዋጋ መስበር ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ብረት የት እንደደረሰ ታውቃላችሁ። ታዲያ አንዱ አባላችን ከሲሚንቶና ከብረት ወጪ በታች ዋጋ ሞልቶ ጨረታ ያሸንፋል። ሌላው ይስቅበታል፤ በቀጣዩ ጨረታ ራሱ ከዚያም ወርዶ ይገባል። ከዚያስ? ቅድመ ክፍያው ያልቃል፣ ሳይቱ ይቆማል። የእኛ አገር የኅዳር ውርጭ ደግሞ ምሕረት የለውም። ከሰዓት የተሞላ ሶሌታ፣ ማለትም የወለል ኮንክሪት፣ ማታ በጆንያና በላስቲክ መሸፈን አለበት። ለላስቲኩ እንኳ ብር ያጣ ኮንትራክተር ምን ይሸፍናል? አሠሪው ሲሳደብ ሁላችንንም ጠቅልሎ ነው።

በዋጋ እንመሳጠር እያልኩ አይደለም። እሱ በሕግ ያስጠይቃል፤ እንግዶቻችንም እየሰሙኝ ነው። እያልኩ ያለሁት ወጪያችንን አብረን እናውርድ ነው። የመንዝ ገበሬ በወንፈል ያጭዳል። የእኛ ሰው ሚክሰሩን፣ የኮንክሪት ማደባለቂያውን፣ ሸራ አልብሶ ያቆመዋል፤ ጎረቤቱ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር አስጭኖ በኪራይ ያስመጣል። በቀን 150 ሺህ ኩንታል የማምረት አቅም ያለው የለሚ ሲሚንቶ ፋብሪካ እዚሁ ዞናችን ውስጥ ነው። እኛ ግን ለየብቻ ከቸርቻሪ እንለቅማለን። የፈቃድ ደረጃችን ለማይፈቅደው ሥራም በጆይንት ቬንቸር፣ ማለትም በሽርክና፣ መግባት ሲቻል፣ ማን ይፈርም በሚል ጭቅጭቅ ቀኑ ያልፋል።

ዛሬ ያልመጡትስ? የድጋፍ ደብዳቤ ሲፈልጉ እኮ ገና ቢሮው ሳይከፈት በር ላይ ናቸው። መዋጮ ሲባል ስልካቸው አይሠራም። ወዳጆቻቸው እዚህ አላችሁ፤ ስማቸውን አልጠራም፣ እናንተ ንገሩልኝ።

አሁን ወረቀት ይዞራል። ሥራ ፈቶ የቆመ ሚክሰር፣ ቫይብሬተር (የኮንክሪት መጠቅጠቂያ)፣ ሎደር ያላችሁ ከነስልካችሁ ጻፉ። ወረቀቱ ባዶውን ከተመለሰ ምሳ የለም።