ማሽኑን በስራው ልክ እንከፋፍል

ውድ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ውድ ተማሪዎች፣ እንደምን አረፈዳችሁ!

በጋራ የምንጠቀምበት ክላስተር፣ ማለትም የተያያዙት ኮምፒውተሮች ስብስብ፣ ወረፋው ረዘመ ሲባል፣ ቶሎ አፋችን ላይ የሚመጣው «ማሽን ይጨመር» ነው። እኔ ግን በቅድሚያ ያለው ማሽን በአግባቡ ይከፋፈል እላለሁ።

ኤንቪዲያ እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣውን ኤ100 ጂፒዩ፣ ማለትም ብዙ ስሌት በአንድ ጊዜ የሚሰራ ፕሮሰሰር፣ እንውሰድ። ባለ 40 ጊጋባይት ሜሞሪውን ማለቴ ነው። አንድ ተማሪ 4 ጊጋባይት የሚበቃው ስራ ያስገባል፤ ስከጁለሩ፣ ማለትም ስራዎችን በማሽኖቹ ላይ የሚመድበው ፕሮግራም፣ ሙሉውን ጂፒዩ ይሰጠዋል። ለአንድ ተሳፋሪ አውቶቡስ ማሰማራት ማለት ነው። የቀረው ሰው ወረፋ ይጠብቃል።

ይህ ጂፒዩ ግን ሚግ በሚባለው ዘዴ እስከ 7 ቦታ ይከፈላል። እያንዳንዱ ክፍል የራሱ 5 ጊጋባይት ሜሞሪና የራሱ የስሌት አቅም አለው። የጎረቤቱ ስራ ሜሞሪ ቢያልቅበት እሱን አይነካውም።

ታዲያ ሁሉንም ቆራርጠን ለምን አንተወውም? 20 ጊጋባይት የሚፈልግ ስራ ይመጣላ! አንድ ፕሮግራም አራት ትናንሽ ክፍሎችን ገጣጥሞ እንደ አንድ መጠቀም አይችልም። ስለዚህ ክፍፍሉ ወረፋው እየታየ መቀያየር አለበት። ስራ የሌለባቸው ክፍሎች ይፈርሳሉ፤ በምትካቸው ትልቁ ይፈጠራል።

ዋናው ጣጣ አቀማመጡ ላይ ነው። ባለ 20 ጊጋባይቱ ክፍል የሚያርፈው ወይ በጂፒዩው አንደኛ ግማሽ ወይ በሁለተኛው ነው። በየግማሹ አንዳንድ ትንሽ ስራ ከተቀመጠ፣ 30 ጊጋባይት ክፍት እያለ ትልቁ ስራ ደጅ ይጠናል። እየሄደ ያለን ስራ ደግሞ አንስቶ ወደ ሌላው ወገን ማዛወር የለም፤ እስኪጨርስ መጠበቅ ነው። ትናንሾቹን ከጅምሩ ወደ አንድ ወገን ሰብሰብ ማድረግ ይሻላል።

ማሽኑን በስራው ልክ የመቀያየር ሀሳብ ከሚግ በፊትም ነበረ። በካሊፎርኒያ፣ በበርክሌይ ቤተ ሙከራ ያገለገለው ኮሪ ሱፐርኮምፒውተር ናይትስ ላንዲንግ የሚባሉ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ነበሩት። የእነሱ 16 ጊጋባይት ፈጣን ሜሞሪ እንደ ካሽ (የዋናውን ሜሞሪ ዳታ ለጊዜው በቅርብ እንደሚይዝ ማከማቻ) ወይም እንደ ተራ ሜሞሪ ሊዋቀር ይችል ነበር። ስለርም የተባለው ስከጁለር ስራው የጠየቀውን አይቶ ኖዱን፣ ማለትም ከስብስቡ አንዱን ኮምፒውተር፣ በዚያው መልክ ሪቡት ማድረግ (አጥፍቶ ማስነሳት) ይችል ነበር። ሪቡት ግን ጊዜ ይበላል። ለአጭር ስራ ኖድ ማስነሳት ኪሳራ ነው፤ አንድ ዓይነት መልክ የሚፈልጉትን አከታትሎ ማስኬድ ያዋጣል።

ተማሪዎች፣ ስከጁለሩ የሚያውቀው እናንተ የጻፋችሁለትን ብቻ ነው። «ለማንኛውም» እያላችሁ አትጠይቁ። መጀመሪያ በትንሽ ዳታ አስኪዱት፤ የጂፒዩን ሁኔታ በሚያሳየው ኤንቪዲያ-ኤስኤምአይ በተባለው ትዕዛዝ የሜሞሪ ፍጆታውን እዩ፤ ከዚያ ትንሽ ጨምራችሁ ጠይቁ። የምትለቁትን ቦታ ያን ቀን ማታ ሌላ ሰው ይሰራበታል።

አመሰግናለሁ።