ጥቅምት ላይ ያልተገፈፈ ጉም፦ የዓይን ሞራ ምንድን ነው?

[ምስል፦ ማለዳ። ከጦሳ ተራራ ወደ ደሴ የሚወርድ ጉም።]

ደሴን የሚያውቅ ሰው ጉሟን ያውቃል። ክረምት ላይ ጠዋት ከቤት ስትወጡ ጦሳ የለም። ፒያሳ ላይ የባጃጁ ድምፅ ይሰማል እንጂ ባጃጁ አይታይም። አረፋፍዶ ጉሙ ሲገፈፍ ከተማዋ ተመልሳ ቦታዋ ላይ ትገኛለች።

አንድ የጥቅምት ቀን፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ፣ አያቴ በረንዳ ላይ ተቀምጣ «ዘንድሮስ ጉሙ አልገፈፍ አለ» አለች። ሳቅን። ቀልድ መስሎን ነበር።

ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ቡና ስትቀዳ ከሲኒው አሳልፋ ረከቦቱ ላይ አፈሰሰችው። ዕድሜዋን ሙሉ ቡና የቀዳች ሴት ናት። «እጄ ነው፣ ይንቀጠቀጣል» አለች። እጇ ግን አልተንቀጠቀጠም። እኛም «እርጅና ነው» ብለን አለፍነው። ይቺ ቃል ሁለት ዓመት አስከፍላናለች።

[ጽሑፍ በስክሪኑ ላይ፦ የዓይን ሞራ ግርዶሽ]

መጀመሪያ ስሙን እናጥራው። የአረፋም ይሁን የፋሲካ በግ ሲታረድ ሆድ ዕቃውን የሚሸፍነውን ነጭ ስስ ስብ ታውቁታላችሁ። ሞራ እሱ ነው። በሽታው ሲጠና ብሌኑ ላይ ነጭ ነገር ስለሚታይ ስሙን ያወጣለት ሰው አልተሳሳተም፣ በእርግጥም ሞራ ይመስላል። የተሳሳትነው እኛ ነን። ስሙን ይዘን ዓይን ላይ የበቀለ ሽፋን መሰለን። ሽፋን ከሆነ ደግሞ ይፋቃል፣ ይታጠባል፣ በሆነ ጠብታ ይሟሟል ማለት ነው። ስንት ዓይን ቅጠል ተጨምቆበታል፣ ስንቱስ የእናት ጡት ወተት ተንጠባጥቦበታል!

ሞራው ግን ዓይን ላይ አይደለም፣ ውስጥ ነው።

[ምስል፦ ከጎን የተሳለ ዓይን። ቀስቱ ከብሌኑ ጀርባ ያለውን ሌንስ ያሳያል።]

ዓይናችን መሐል ያለችው ጥቁር ነጥብ ብሌን ናት። ነጥብ ትምሰል እንጂ ቀዳዳ ናት፣ ብርሃን የሚገባው በእሷ ነው። ከኋላዋ ሌንሱ አለ። ወርዱ 9 ወይም 10 ሚሊ ሜትር ነው። በነገራችን ላይ ሌንስ የሚለው ቃል የመጣው በላቲን ምስር ከሚጠራበት ስም ነው፣ ቅርጹ ቁርጥ ምስር ነውና። ሥራው ብርሃኑን ሰብስቦ ዓይን ውስጥ ከኋላ በኩል ባለው ብርሃን ተቀባይ ስስ ሽፋን፣ ሬቲና በሚባለው ላይ ማሳረፍ ነው።

ይህ ሌንስ ከውሃና ከፕሮቲን የተሠራ ነው። የደም ሥር የለውም፣ ቢኖረው ኖሮ ጥርት ብሎ ብርሃን አያሳልፍም ነበር። ደግሞ እንደ ቆዳችን አሮጌውን አያራግፍም። እንደ ሽንኩርት ከላይ ከላይ ይደርባል። እንብርቱ የተሠራው ገና እናታችሁ ማህፀን ውስጥ ሳላችሁ ነው። የ70 ዓመት ሰው ሌንስ መሐሉ ላይ ከ70 ዓመት በላይ ያገለገለ ፕሮቲን አለው ማለት ነው። ምን ዓይነት ዕቃ ነው ይህን ያህል ሳይቀየር የሚያገለግል?

[ምስል፦ መጥበሻ ላይ የሚሰበር እንቁላል።]

አሁን እንቁላል ስበሩ። ነጩ ክፍል፣ ነጭ ይባል እንጂ፣ ጥሬውን ሳለ ወለል አድርጎ ያሳያል። እሳት ሲነካው ነጣ። ፕሮቲኑ ተያያዘና ብርሃን አላሳልፍ አለ። በሌንሱም የሚሆነው ከዚህ አይርቅም፣ ልዩነቱ እሳቱ ዓመታት መሆናቸው ነው። የተጠበሰ እንቁላል ደግሞ ወደ ጥሬነት አይመለስም። ለዚህ ነው ሞራን የሚያጠፋ ጠብታ፣ ቅጠልም ሆነ ምግብ የሌለው። «አለኝ» የሚላችሁ ካለ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ተመለሱ።

[ምስል፦ ማታ፣ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወጣው ጠመዝማዛ መንገድ፣ ከፊት የሚመጣ የመኪና መብራት።]

ሞራ አያምም፣ አያቀላም፣ አያስለቅስም። መጥፎነቱም እዚህ ላይ ነው። ዝም ብሎ ይመጣል። ሁሉ ነገር በላስቲክ ውስጥ የሚያዩት ይመስላል። ቀለም ይደበዝዛል፣ ነጩ ነጠላ ቡላ ይመስላል። ሹፌሮች ቀድመው የሚነግሩን ሌላ ነው፤ ማታ ከፊት የሚመጣው መኪና መብራት እንደ ጨረር ይበተንባቸዋል። ያንን ዳገት የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም። አንዳንዱ ደግሞ ለንባብ ያደርግ የነበረውን መነጽር ይጥልና «ዓይኔ ታደሰ» ይላል። ሌንሱ ሲጠጥር ለጊዜው ቅርብ ማየት ሊሻለው ይችላል። ደስታው አይቆይም።

ዋናው ምክንያት ዕድሜ ነው። ግን ዕድሜን የሚያፋጥኑ አሉ። ስኳር በሽታ አንዱ ነው፣ ስኳር ያለበት ሰው ባያመውም በዓመት አንድ ጊዜ ዓይኑን መታየት አለበት። ሲጋራ ሌላው ነው። ሦስተኛውን ግን ጠበቅ አድርጌ ልንገራችሁ፦ የስቴሮይድ ጠብታ። ዓይን ሲያሳክክ ወይ ሲቀላ ፋርማሲ ሄደን «ያቺን ባለፈው የሰጠኸኝን» ብለን የምንገዛት ጠብታ ስቴሮይድ ልትሆን ትችላለች። ቅላቱን ቶሎ ታጠፋለች፣ ስለዚህ እንወዳታለን። ያለ ሐኪም ለወራት ስትደጋገም ሞራም ታመጣለች፣ የዓይን ግፊትም ትጨምራለች። ልጆቻቸው በየበጋው ዓይናቸውን የሚያሳክካቸው ወላጆች ይህን በተለይ ስሙኝ።

ፀሐይም አለች። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ደሴ ብርድ ስለሆነ ፀሐዩ የሚጎዳ አይመስለንም፣ ጋቢ ደርበን ፊታችንን ለፀሐይ ሰጥተን እንቀመጣለን። ብርዱ ያታልላል። ሰፊ ባርኔጣ ወይም ጨረሩን የሚከለክል መነጽር ይረዳል። ጥቁር ብቻ ሆኖ ጨረሩን የማይከለክል መነጽር ግን ብሌን ከፍቶ ብዙ ጨረር ሊያስገባ ስለሚችል፣ ስትገዙ ጠይቁ።

[ምስል፦ ኮምቦልቻ፣ የብረታ ብረት ሥራ ቤት፣ የብየዳ ብልጭታ።]

ቁልቁል ወርደን ኮምቦልቻ ስንገባ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። የፋብሪካ ከተማ ናት፣ በየመንገዱ ዳር ብየዳ ቤት አለ። ዓይን ሲመታ ወይም ስለታም ነገር ሲወጋው ሌንሱ በቀናት ውስጥ እንኳ ሊነጣ ይችላል። 20 ዓመት ያልሞላው ልጅ ሞራ ይዞት ስታዩ ብዙ ጊዜ ከኋላው እንዲህ ያለ አደጋ አለ። ግራይንደር ይዞ ያለ መነጽር የሚሠራውን ልጅ «መነጽርህስ?» በሉት። «ያልበኛል» ይላችኋል። ያልበው።

ቁጥር ካስፈለገ አንድ ልንገራችሁ። በ1998 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከኢትዮጵያ ሕዝብ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር ነበር። ከእነዚህ ግማሽ ያህሉን ያሳወረው የዓይን ሞራ ነው። ትራኮማ ሁለተኛ ነበር። ግማሹ! እሱም በቀዶ ሕክምና በሚመለስ ነገር።

ሁሉም የደበዘዘ ዓይን ግን ሞራ አይደለም። ግላኮማ የሚባለው የዓይን ግፊት በሽታም ዝም ብሎ ነው የሚመጣው፣ የወሰደውን ብርሃን ግን አይመልስም። በትራኮማ ሽፋሽፍት ወደ ውስጥ ዞሮ ዓይን ሲፍቅ ደግሞ ጠባሳ ይዞ የሚነጣው ከብሌን ፊት ያለው የዓይን መስታወት ነው። ሦስቱን ለይቶ የሚነግራችሁ የዓይን ሐኪም ወይም የዓይን ባለሙያ እንጂ ጎረቤት አይደለም። የሕፃን ብሌን ነጣ ብሎ ካያችሁ ደግሞ «ያድጋል፣ ይጠፋል» ሳትሉ በዚያው ሳምንት ውሰዱት። ሞራ ሊሆን ይችላል፣ ከሞራ የባሰ የዓይን ካንሰርም ሊሆን ይችላል። የሕፃን አእምሮ ማየትን የሚማርበት ጊዜ አጭር ነው።

[ምስል፦ የቀዶ ሕክምና ክፍል።]

አሁን ወደሚያስፈራው እንምጣ። አያቴን ሁለት ዓመት ያስቀመጣት «እርጅና ነው» ብቻ አልነበረም። «ዓይንን አውጥተው አጥበው ነው የሚመልሱት» የሚል ወሬም ሰምታለች። አብሽሩ፣ ዓይን አይወጣም።

የሚሆነው ይህ ነው። ዓይኑ ብቻ በመርፌ ወይም በጠብታ ይደነዝዛል፣ ሰውየው ነቅቶ ነው የሚሠራለት። በአገራችን በብዛት በሚሠራው ዘዴ ነጩ የዓይን ክፍል ላይ 6 ወይም 7 ሚሊ ሜትር ያህል ይከፈታል። አከፋፈቱ ሰያፍ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ ያለ ስፌት ራሱ ይገጥማል። የነጣው ሌንስ ይወጣል፣ ስስ ከረጢቱ ግን እዚያው ይቀራል። በከረጢቱ ውስጥ የፕላስቲክ ሌንስ ይቀመጣል። ያልተወሳሰበ ከሆነ 15 ወይም 20 ደቂቃ ይበቃዋል። በድምፅ ሞገድ ሌንሱን ፈጭቶ የሚመጥ መሣሪያም አለ፣ የሱ ቀዳዳ 3 ሚሊ ሜትር አይሞላም።

ፕላስቲክ ዓይን ውስጥ እንዴት ተስማማ? ታሪኩ ደስ ይላል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ተዋጊ አውሮፕላኖች የፕላስቲክ መስኮት ሲሰባበር ስንጣሪው አብራሪዎች ዓይን ውስጥ ይገባ ነበር። ሃሮልድ ሪድሊ የተባለ የለንደን የዓይን ሐኪም ስንጣሪው እዚያው ሆኖ ዓይኑ እንዳልተቆጣ አስተዋለ። በ1949 እ.ኤ.አ. ከዚያው ዓይነት ፕላስቲክ ሌንስ አሠርቶ ሰው ዓይን ውስጥ አስቀመጠ። የሙያ ባልደረቦቹ ለዓመታት አልተቀበሉትም ነበር።

«ሞራው ገና አልበሰለም፣ ይብሰል» የሚባለው የድሮ ነገር ነው። ዛሬ መለኪያው የዕለት ኑሮ ነው። ማንበብ፣ መንዳት፣ ቡና መቅዳት ካቃተ ጊዜው ደርሷል። እንዲያውም ከልክ በላይ የበሰለ ሞራ ሊፈስና ግፊት ሊያስነሳ ይችላል። ያኔ ያማል፣ ዓይኑም ሊጠፋ ይችላል።

ወሎ ውስጥ የዓይን ነገር ሲነሳ ብዙ ሰው ቀድሞ የሚጠራው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታልን ነው፣ ከደሴ በስተሰሜን ቅርብ ነው። በነጻ የሚሠራበት ዘመቻም አልፎ አልፎ ይኖራል፣ ሲታወጅ ለገጠር ዘመዶቻችሁ ደውሉ። ስልካቸው ላይ የተላከውን ማስታወቂያ ማንበብ የማይችሉት እነሱው ናቸውና።

ከቀዶ ሕክምና በኋላ ጠብታው ሳይቋረጥ ለአራት ሳምንት ያህል ይቀጥላል። ዓይን አይታሽም። የሳሙና ውሃ አይነካውም። ጭስ ያለበት ማድ ቤት ለሌላ ሰው ይተው፣ ጀሪካንም አይነሳ። እኛ አገር ሁልጊዜ የሚነሳ ጥያቄ አለ፦ ስግደትስ? ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ወደ መሬት መደፋት ስለማይመከር ሙስሊሙ ተቀምጦ ይሰግዳል፣ ክርስቲያኑም ግንባሩን መሬት ሳያስነካ ይጸልያል። መቼ ወደ ልማዳችሁ እንደምትመለሱ ሐኪሙን ጠይቁት። ጸበልም ቢሆን ሐኪሙ እስኪፈቅድ ዓይን ውስጥ አይግባ። ሕመም ከበረታ፣ ዓይኑ በጣም ከቀላ፣ ወይም ያየ የነበረው ከደበዘዘ ቀጠሮ አይጠበቅም፣ በዚያው ቀን ይሄዳል።

ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ እንደገና ቢደበዝዝ ሞራው «ተመልሶ በቀለ» ማለት አይደለም። ያ የቀረው ከረጢት ደብዝዞ ነው። በሌዘር በደቂቃዎች ይከፈታል።

[ምስል፦ ረከቦት፣ ሲኒዎች፣ የቡና ጭስ ከሩቅ።]

አያቴ ፋሻው በማግስቱ ተነሳላት። መጀመሪያ እናቴን አየቻትና «አንቺ ደግሞ መቼ ነው እንዲህ የሸበትሽው?» አለቻት። ቤት ስንገባ ቡና ተፈላ። ከጭሱ ራቅ አድርገን አስቀመጥናት። ሲኒውን ተቀብላ ወደ ብርሃኑ ከፍ አደረገችው፣ አገላብጣ አየችው፣ ሳትቀምሰውም መለሰችው።

«ሁለት ዓመት ሙሉ በዚህ ነው ያጠጣችሁኝ? እጠቡት።»

የግራ ዓይኗ ቀጠሮ ለሚቀጥለው ወር ነው።